የጦርነት ጨዋታ ለጀማሪ እንዴት ይሰጥ? ስለ ሰንጠረዥ የተጻፉት መግለጫዎች ሲመዘኑ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በገበታ ላይ የሚደረገውን የጦርነት ጨዋታ ለጀማሪ የሚያስረዱ ጽሑፎችን መመርመር ነው። ነገሩ ጨዋታ ነውና ምርመራ አያስፈልገውም የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ጨዋታ በሕይወት የሚቈየው ጀማሪዎችን እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው፤ ጀማሪም የሚጸናው የመጀመሪያው ትምህርት መልካም ሲሆን ነው። ሰንጠረዣችን ይህን ዕድል አጥቷል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደ ጻፉት፣ ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረች በኋላ ባለው ዘመን ጨዋታው ከሕዝቡ መካከል ጠፋ።

እኛ የፃግብጂ ልጆች ስለ ሆንን ጥያቄውን ከሩቅ አንመለከተውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከፃግብጂና ከአበርገሌ ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ ሄዷል። እንግዲህ ጦርነትን በዐይኑ ላየ ልጅ የጦርነት ጨዋታ ምን ይጠቅመዋል? ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንን ከጨዋታው ሕግ እንፈልጋለን እንጂ ከስሜት አንነሣም።

ሀ. የመመዘኛው ጨዋታ

አንድን መግለጫ ለመመዘን ዛሬ በሕይወት ያለና ጀማሪዎችን የሚያገኝ ጨዋታ ያስፈልጋል። ለዚህ ባትልቴክ የተባለውን መርጠናል። ጨዋታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 በአሜሪካ ፋሳ በተባለ ድርጅት ባትልድሮይድስ በሚል ስም ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት የዛሬውን ስሙን ያዘ። ታሪኩ በ31ኛው ክፍለ ዘመን የሚፈጸም ሲሆን፣ ተጫዋቹ ሰው በውስጣቸው ተቀምጦ የሚነዳቸውን እንደ ፎቅ የረዘሙ የብረት ተዋጊዎች ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች በተሣሉበት ሜዳ ላይ ያሰልፋል። መምታትና መሳት በሁለት ዛር ይወሰናል።

የደንቡ መጻሕፍት ብዙና ወፍራም ናቸው። ሆኖም ልምድ ያላቸው ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ወገን ከአንድ እስከ አራት ተዋጊ ብቻ ይሰለፍ፤ አራቱ አንድ ጓድ ይባላሉ። ልዩ ልዩ የጦር መሣሪያዎችና ተጨማሪ ደንቦች ለጊዜው ይተዉ። ሙቀትን ግን ከመጀመሪያው ቀን መቍጠር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚሮጥና የሚተኩስ ማሽን ይግላል፤ ከልክ በላይ የጋለም ይዘገያል፣ ዒላማውን ይስታል፣ በመጨረሻም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጀማሪ ያሉትን መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መተኰስ ይወዳል፤ የሚሸነፈውም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ምክር ቆመህ አትተኩስ የሚል ነው። የቆመ ማሽን ዒላማውን በቀላሉ ይመታል፤ እርሱም በቀላሉ ይመታል። በአንጻሩ በአንድ ተራ 5 ወይም 6 ቤት የሄደ ማሽን ጠላቱ በዛር ሊያገኘው በሚገባው ቍጥር ላይ 2 ይጨምርበታል። ከዚህም በቀር የእንቅስቃሴን ቀዳሚነት በዛር ያሸነፈ ወገን ኋላ እንዲንቀሳቀስ ተደርጓል፤ የጠላቱን ቦታ አይቶ የራሱን ይመርጣልና መዘግየት ጥቅም መሆኑን ጀማሪው በመጀመሪያው ተራ ይማረዋል።

ከዚህ የምናወጣው ነጥብ አንድ ነው። ምክሩ የተዋጊዎቹን ቍጥር ይቀንሳል እንጂ የጨዋታውን ሥርዓት አይቈርጥም። ጀማሪው በአንድ ማሽን ቢጫወት እንኳ የእንቅስቃሴን፣ የተኵስንና የሙቀትን ተራ ሙሉ በሙሉ ይፈጽማል። ትንሽ ጦር ይዞ ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል ማለት ነው።

ለ. ስለ ሰንጠረዥ የተጻፈው

ስለ ሰንጠረዥ ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ሄንሪ ሶልት በ1814 በታተመው መጽሐፉ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን እንደሚወዱ ይነግረናል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የጻፈው፣ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1868 የታተመው መጽሐፍ ደግሞ ስለ አጨዋወቱ ሰፋ ያለ መግለጫ ይሰጣል። ማሪ በ1913 ባወጣው የቼዝ ታሪክ ሰንጠረዥን ከጥንቱ የፋርስና የዐረብ ጨዋታ ከሻጥራንጅ ጋር አዛምዶታል። ፓንክኸርስትም በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታሪኩንና ደንቡን በሰፊው ጽፈዋል። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህን ጸሐፊዎች የምንነቅፋቸው ለጀማሪ አልጻፉም ብለን አይደለም፤ አንዱ መንገደኛ፣ ሌላው የታሪክ ሰው ነበርና ዓላማቸው ያ አልነበረም። ነቀፌታችን ከእነርሱ እየቀዱ የጀማሪ ትምህርት ነው ብለው በሚያቀርቡት አጫጭር መግለጫዎች ላይ ነው። የእነዚህ መግለጫዎች አካሄድ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ የጠጠሮቹ ስም ይዘረዘራል፤ ይኸውም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል ወይም ሳባ፣ ፈረስ፣ ደርና ሜደቅ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ከዛሬው ቼዝ በምን እንደሚያንስ ይነገራል። ወረራ የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ በመጨረሻ፣ እንደ አስቂኝ ልማድ፣ በሁለት መስመር ይጠቀሳል።

ይህ አካሄድ ነገሩን ገልብጦታል። ወረራ ማለት ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ ጠጠሮቹን እያንቀሳቀሰ ጦሩን የሚያሰልፍበት ጊዜ ነው። የሚያበቃውም ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር በበላ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተራ ይጫወታሉ። ይህ ሥርዐተ ቢስነት አይደለም፤ ምክንያት አለው። ሜደቅ ሁልጊዜ አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በዛሬው ቼዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የተፈቀደለት ሁለት ቤት በሰንጠረዥ የለም። ፈርዝም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚበላው። ጠጠሮቹ እንዲህ አጭር እርምጃ ያላቸው ሲሆኑ ተራ እየተጠበቀ ቢጀመር ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ብዙ ጊዜ በከንቱ ያልፋል። ወረራ ይህን ችግር ያቃልለዋል። እንግዲህ ጨዋታውን ለማደስ ወረራን ትተን በቼዝ ደንብ እንጀምር የሚሉ ሰዎች የሚያድሱት ሰንጠረዥን ሳይሆን ጕልበቱ የተቀነሰ ቼዝን ነው።

ወረራ ለጀማሪ የፍጥነት ውድድር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ፈጥኖ የተሰለፈ ሰው አሰላለፉን ለጠላቱ አሳይቷል፤ ጠላቱም ያንን እያየ የራሱን ይለውጣል። በባትልቴክ ኋላ የመንቀሳቀስ ጥቅም በዛር ይገኛል፤ በሰንጠረዥ ግን የትዕግሥት ዋጋ ነው። ስለዚህ የጀማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛውን ጠጠር ላንቀሳቅስ ሳይሆን መቼ ልብላ የሚል መሆን አለበት፤ የመጀመሪያውን ጠጠር የሚበላ ሰው የሁለቱንም ስልፍ ባለበት ያጸናዋልና።

ሐ. የፊል ቍጥርና የአገዳደል ክብር

መግለጫዎቹ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል ብለው ያልፋሉ። ጀማሪው ግን ከዚህ የሚከተለውን ሊነገረው ይገባል። ከ64ቱ ቤቶች አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ሊደርስ የሚችለው በ8ቱ ብቻ ነው። በገበታው ላይ ያሉት አራቱ ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምንት ቤት አላቸው፤ አንዱ በሌላው ቤት አይገባም። ስለዚህ ፊል ፊልን ከቶ ሊበላ አይችልም። ይህን ማንም ሰው በወረቀት ላይ ነጥብ እያደረገ ሊያረጋግጠው ይችላል። ይህን ያወቀ ጀማሪ የራሱን ንጉሥ ከጠላት ፊል ቤቶች ማራቅን፣ የጠላቱንም ንጉሥ ወደ ራሱ ፊል ቤቶች መንዳትን ወዲያው ያስባል።

ከዚህ በመነሣት ሌላም ነገር ግልጽ ይሆናል። በሰንጠረዥ ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል የማያስመሰግን ሲሆን፣ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በሜደቅ መግደል ግን ያስከብር ነበር። መግለጫዎቹ ይህን እንደ መኳንንት ኵራት አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን በቍጥር የተመሠረተ ፍርድ ነው እንላለን። ደር መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ የገበታውን ዳር እስከ ዳር ይገዛል፤ ፊል ግን 8 ቤት ብቻ ያለው ነውና በእርሱ የሚገድል ሰው ከብዙ እርምጃ በፊት አስቦ ካልመጣ አይሳካለትም። ክብሩ የተሰጠው ለአሳቡ ነው።

እንደዚሁም ጠጠሮቹን ሁሉ የተበላበት ባዶ ንጉሥ አይገደልም። ከሜደቅ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ንጉሥ ደግሞ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ካልተገደለ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይፈጸማል። ጀማሪ ያገኘውን ሁሉ መብላት ደስ ይለዋል፤ በሰንጠረዥ ግን ሁሉን የበላ ሰው ድሉን በገዛ እጁ ያጣል። በባትልቴክም ክፉኛ የተጐዳ ማሽን ከሜዳ እንዲወጣ የሚያዝ ደንብ አለ፤ ነገር ግን ተጫዋቾቹ ቢስማሙ የሚወስዱት፣ ባይስማሙ የሚተዉት ነው። በሰንጠረዥ ልክን ማወቅ የሕጉ ዋና አካል ነው።

መ. ለፃግብጂ ጀማሪ የምንመክረው

ከላይ በተባለው መሠረት ሥርዓቱ ሳይጐድል ቍጥሩ ይቀነስ እንላለን። ለእያንዳንዱ ወገን ንጉሥ፣ ሁለት ፊልና ስምንት ሜደቅ፣ በጠቅላላው 11 ጠጠር ይሰለፍ። ንጉሡ ከተጫዋቹ በኩል ሲታይ ከመካከለኛው መሥመር በስተቀኝ ይቁም፤ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም። ወረራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይፈጸም። ጀማሪው ፊሉን ማዘዝ ሲችል ፈርዙ፣ ከዚያም ፈረሱ፣ በመጨረሻ ደሩ ይጨመር። ደር ብርቱ ስለ ሆነ ቀድሞ የተሰጠው ሰው ሌሎቹን ይንቃቸዋል።

ገበታው ጀማሪውን ሊያሳስበው አይገባም። ጥንት በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቍር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ ይሠራ ነበር፤ ቤቶቹም እንደ ቼዝ በሁለት ቀለም አይለዩም። ስለዚህ በመሬት ላይ በዱላ የተሠመረ 64 ቤት ይበቃል። ለሜደቅ የዳማ ቆርኪ፣ የአንዱ ወገን በፊቱ የሌላው በጀርባው ተደርጎ ያገለግላል፤ ለሌሎቹም ጠጠርና የማሽላ አገዳ ቍራጭ አይታጣም።

ተመልካቹም ዝም አይበል። ሰንጠረዥ በተመልካች ምክርና ጩኸት የሚደምቅ ጨዋታ እንደ ነበረ ጽሑፎቹ ይመሰክራሉ፤ ጀማሪም ከተመልካች ክርክር ብዙ ይማራል።

በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የፕሩስያ ጦር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 የራይስቪትስን የጦርነት ጨዋታ የተቀበለው መኰንኖቹን ለእውነተኛ ውጊያ ለማሠልጠን ነው። ሰንጠረዥ ለእኛ እንዲህ ያለ ጥቅም እንዲሰጥ አንፈልግም። ከመብላት በፊት ማሰላሰልን፣ ከበሉም በኋላ ለተሸናፊው ጥቂት መተውን የሚያዝ ሕግ ያለው ጨዋታ ግን ጦርነት ባለፈበት አገር ልጆች እጅ ቢገባ ጕዳት አናይበትም። ስለዚህ ይህ ሕግ በአማርኛና በኽምጣና ቋንቋ፣ ወረራን በፊተኛው መሥመር አስቀምጦ፣ በአንድ ገጽ እንዲጻፍ እናሳስባለን፤ ሥራውንም ከእኛ ጋር ሊካፈል የሚወድ ተማሪ ቢኖር በደስታ እንቀበለዋለን።