ስለ ወይዘሮ ብዙነሽ በቀለ ድምፅና ቃል

ዜማ ያለ ቃል ባዶ ዕቃ ነው፤ ቃልም ያለ ዜማ ከጆሮ አልፎ ወደ ልብ ለመግባት ይዘገያል። ስለዚህ በዜማ ስሙ የተጠራ ሰው ሥራው ሲመረመር ድምፁ ብቻ ሳይኾን ቃሉም ዐብሮ ሊመረመር ይገባል። እኛም ዛሬ ልንመረምር ያሰብነው በክብር ዘበኛ ሠራዊት ኦርኬስትራ ታዋቂ የኾኑትን፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ቤቶች ሳይቀር በሬዲዮና በሸክላ የተሰሙትን የወይዘሮ ብዙነሽ በቀለን ሥራ ነው።

«የዘፈን ነገር በካህናት ገጽ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘፈን የምታስተምረው የታወቀ ነው፤ እኛም ያንን ለማፍረስ አልተነሣንም። ነገር ግን ቃልን መመዘን የቅኔ ቤት ሥራ ነው። ሕዝቡ ጆሮውን ለዘፈን ሰጥቶ ሳለ ሚዛን ያለው ሰው ዝም ካለ፥ ምዘናው ሚዛን ለሌለው ይቀራል፤ መልካሙና ክፉውም በአንድ ቁና ይሰፈራል።

የናሱ መለከት ወደ አገራችን ዘፈን የገባበት መንገድ ረዥም ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ በአዲስ አበባ የመንግሥት ሙዚቀኞች ኾኑ። ከጠላት ወረራ በኋላም የወንድማቸው ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ብዙ የአገር ልጆችን አሠለጠኑ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም አገለገሉ። ክብር ዘበኛና ፖሊስም የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በዚህ የወታደር ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ሴት ልጅ በትራምፔትና በሳክስፎን ፊት ቆማ ስታዜም የተሰማችው፤ በክብር ዘበኛ ወይዘሮ ብዙነሽ፥ በፖሊስ ደግሞ ወይዘሮ ሒሩት በቀለ።

የወታደር ቤት ጥላም ሥጋትም ነበረው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር የተነሣው ከዚያው ከክብር ዘበኛ ስለ ነበረ የዘፈኑም ክፍል ከመከራው አላመለጠም፤ ጥላሁን ገሠሠም ታስሮ ነበር። በኋላም አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሸክላን ሥራ በግሉ በጀመረ ጊዜ የእነዚህ ዘፋኞች ድምፅ ከሠራዊቱ መድረክ ወጥቶ በየገበያው ተሰማ። ወይዘሮ ብዙነሽ ከማሕሙድ አሕመድ ጋራ እየተቀባበሉ ያዜሟቸው ዘፈኖች ዛሬም ይደመጣሉ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ዘፈን ሲዘጋውም ሥራቸውን አልተዉም፤ ከዳህላክ ባንድ ጋራ አዚመዋል። የደርግ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ዐረፉ።

ድምፃቸው እንዴት ያለ ነው? የምናውቀው መለኪያ የያሬድ ምልክት ነውና፥ ምድራዊውን ከሰማያዊው ሳናደባልቅ ለመግለጫ ያህል እንዋሰው። ድምፃቸው በደረት የሚጀምር ነው፤ ወፍራምና የረጋ ነው፤ ለመጮኽ አይቸኩልም። ከፍ ሲል በርክርክ ይንከባለላል፤ ሲወርድም በድፋት ይከደናል። ብዙ ዘፋኝ ርክርኩን ድምፁን ለማሳየት ይዘረጋዋል፤ እርሳቸው ግን ቃሉ ኀዘን ወይም ናፍቆት በሚሸከምበት ስፍራ ብቻ ያኖሩታል። ይህ የመቈጠብ ጥበብ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የቃል ጥንቃቄያቸው ነው። የአማርኛ ኅብር በመጥበቅና በመላላት ላይ የቆመ መኾኑን የቅኔ ተማሪ ያውቃል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ግን ይኖራል ማለት ነው። ዜማ ሲጐተት መጥበቁ ይጠፋል፤ የሚጠብቀውም የሚላላውም አንድ ይኾናል፤ ወርቁም ከሰሙ ጋራ ይቀልጣል። ወይዘሮ ብዙነሽ ስምንትና ዐሥር የናስ መለከት ከኋላቸው ሲያጓራ እንኳ የሚጠብቀውን ፊደል አያላሉም። ዘፈናቸውን በሬዲዮ የሰማ የገጠር ሰው ቃሉን ሳይሳሳት ለመድገም የሚችለው ስለዚህ ነው።

ከዘፈኖቻቸው አንዱ «ጩኸቴን ብትሰሙ» ይባላል። ዳዊት የሚደግም ሰው ይህን ስም ሲሰማ መዝሙሩን ማሰቡ አይቀርም። ልዩነቱን ግን ያስተውል፤ መዝሙረኛው የሚጮኸው እንደሚሰማው ወደሚያምነው አምላክ ነው፤ እዚህ ግን ጩኸቱ ወደ ሰዎች ነው፤ «ብትሰሙ» የሚለውም አንቀጽ መሰማቱ ያልተረጋገጠ መኾኑን ይናገራል። ሰሙ የፍቅር እሮሮ ነው፤ ወርቁን ግን እኛ እንዲህ እንፈታዋለን፤ በወንዶች ጉባኤ መካከል ቃሏ ሳይቈጠር የቀረ የሴት ሁሉ ጩኸት ነው።

ነቀፌታችንንም አንሰውር። አንደኛ፥ ከዘፈኖቹ አብዛኞቹ ሰም ብቻ ናቸው፤ ፍቅር፥ መለየት፥ ናፍቆት እየተመላለሰ ይነገራል፤ ፈልፍሎ የሚወጣ ምሥጢር ጥቂት ነው። ኹለተኛ፥ የኦርኬስትራው አቀናባሪዎች ብዙ ጊዜ መለከቱን የሚያስገቡት ቤት በሚደፋበት ስፍራ ነው፤ የኅብሩም ቃል የሚቀመጠው በዚያው ነውና ግጥሙ የተሸከመው ምሥጢር በናስ ድምፅ ይሸፈናል። ሦስተኛ፥ አድማጩ የግጥሙን ደራሲ ሳያውቅ ዘፋኟን ብቻ ያመሰግናል፤ ቃሉ ደካማ በኾነም ጊዜ ያልጻፈችውን እርሷን ይነቅፋል። በዚህ ረገድ ክራራቸውን ይዘው ከራሳቸው አንደበት ግጥም እያፈለቁ የተጫወቱት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ነጻነታቸው ይበልጣል። አንዲት ሴት በክራር ብቻዋን ስትቀመጥ ቃሉ የራሷ ነው፤ በኦርኬስትራ ፊት ስትቆም ግን ድምፁ የራሷ ኾኖ ቃሉ የሌላ ነው። የወይዘሮ ብዙነሽ ታላቅነት የሌላውን ቃል የራሳቸው እስኪመስል ድረስ መሸከማቸው ነው፤ ጉዳታቸውም ይኸው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ሩቅ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ምንጭ ናቸው ስንል የምንቈጥረው ወንዶቹን መምህራን ነው። ነገር ግን ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል። በየገጠሩም ለቅሶ ሲኾን ሟቹን በግጥም የምታነሣው አልቃሽ ሴት ናት፤ በወፍጮ ላይ የምታንጐራጕረውም ሴት ናት። ካህኑ ፍትሐት አድርሶ ሲመለስ የአልቃሿን ግጥም ይሰማል፤ በልቡም ያደንቀዋል፤ ለመጻፍ ግን ብራና አያወጣም። እርሷ ስትሞት ግጥሙም ዐብሯት ይቀበራል። የወይዘሮ ብዙነሽ ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ተርፏል፤ የአልቃሿን ግን የቀረጸው የለም።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። የቅኔ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የዜማ ቃል እንዴት እንደሚመዘን ያሳዩ፤ የአማርኛ ግጥም የሚጽፉ የከተማ ሊቃውንትም ለሴት ዘፋኝ ቃል ሲሰጡ ሰም ብቻ ሰጥተው ወርቁን አይከልክሏት። በየደብሩ ያለ ጸሐፊም የአልቃሿን ግጥም ሳትሞት ይጻፍ። ጩኸትን መስማት የጀመረ ሰው ከማን አፍ እንደ ወጣ መጠየቅ አይቀርለትምና፥ ልቡናችንን ለማስተዋል ይክፈትልን።