ለዳገት የሚሠራ ሳይክል

ባሕር ዳር በሳይክል ስትሞላ ደብረ ታቦር በእግረኛና በባጃጅ የምትሞላው የሰዉ ልማድ ስለተለያየ አይመስለኝም። የጣና ዳር ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዘርግቷል፤ ደብረ ታቦር ግን የጉና ተራራን ተጠግታ 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ከወረታ የሚነሳው መንገድ ይህን ልዩነት በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ሜዳ ላይ የሚንሳፈፈው ባለ አንድ ፍጥነት ሳይክል እዚህ ሲደርስ ባለቤቱ የሚገፋው ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ የሥራ መመላለሻ ሳይክል ልሠራ ስነሳ የምጀምረው ከቀላሉ ማርሽ ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ ስንት ሜትር ይሄዳል? ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ 28 ኢንች ሳይክል ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ለኛ ዳገት ወደ 2 ሜትር መውረድ አለበት። ያኔ በደቂቃ 60 ጊዜ ብንመታው በሰዓት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር እንጓዛለን፤ ዝግ ያለ ነው፣ ትንፋሽ ግን አይቋረጥም።

ይህን በውጭ ማርሽም ማግኘት ይቻላል። የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ ግን ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን ክንድ ቶሎ ይበሉታል። ማርሹ በኋላ ጎማ መሐል ባለው ሞዞ ውስጥ ሲሆን ከሁለቱም ይጠለላል። ውስጡ ከአክሰሉ ጋር የታሰረ ጥርስ አለ፤ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርሶች ይዞሩታል፤ እነሱን ደግሞ ጥርስ ያለው ቀለበት ያቅፋቸዋል። ካቴናው ቀለበቱን ነድቶ ጎማው ኃይሉን ከትንንሾቹ ተሸካሚ ሲቀበል ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ይጨምራል፤ ሲገላበጥ ይፈጥናል። ዳገት መሐል በጎች መንገድ ዘግተው ቢያስቆሙህም እንደቆምክ ቀላሉን ማርሽ ታስገባለህ። ይህን ጥቅም ከሁሉ አስበልጣለሁ።

የሺማኖ ነክሰስ ባለ 8 ፍጥነት ሞዞ የቀላሉ ማርሽ ምጥጥን 0.53 ገደማ፣ የከባዱ 1.61 ገደማ ነው። ፊት 40፣ ኋላ 20 ጥርስ በባለ 26 ኢንች ጎማ ላይ ስናደርግ የፈለግነውን 2 ሜትር እናገኛለን። ከዚያ በታች ማቅለል ሞዞው ከተሠራለት በላይ ኃይል ይጭንበታል። ቴላዮው ብረት ቢሆን እመርጣለሁ፤ በየትኛውም ብየዳ ቤት ይጠገናል። የአክሰሉ መግቢያ ግን አግድም የተቀደደ ይሁን፤ ካቴናው የሚወጠረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ነው። አክሰሉ እንዳይዞር የሚይዙት ልዩ ሮንዴላዎች ካልገቡ ደግሞ ዳገት ላይ የማርሹ ሽቦ አቀማመጥ ይዛባል፣ ማርሹም ይስታል። ሞዞው ወፍራም ስለሆነ ራጂዎቹ አጠር ይላሉ፤ እኔም ሦስቴ ከማጣመር ሁለቴ አጣምራቸዋለሁ።

ለገጠር አስተማሪ ግን ባለ 8ቱን አልመክርም። ውስጡ ብዙ ነው፤ መለዋወጫውም በቅርብ የለም። ስተርሜይ አርቸር ከ1902 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅበት የባለ 3 ዓይነት ሞዞ በጥቂት መፍቻ ይፈታል፣ በዘይት ይኖራል። ቀላል ማርሹ የመካከለኛው ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ የኋላ ጥርሱን ወደ 22 ማሳደግ ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ ቀጥ ያለውን ዳገት ወርዶ መግፋት አይቀርም።

ሁለቱም ላይ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ፍሬን አልገጥምም። ወደ ወረታ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ሙቀቱ ግራሶውን አቅልጦ ያወጣዋል። ፊትና ኋላ ቸርኬውን የሚይዝ ጥሩ ጎማ ፍሬን፣ ገንዘብ ከተገኘም ዲስክ አደርጋለሁ።