«የኛ» የማን ነው?

የተከታታይ ድራማ ዋጋ የሚመዘነው በሚያነሣው ጉዳይ ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳዩን ከገጸ ባሕርያቱ ኑሮ ጋር በማዋሐዱ ጭምር ነው። በ2005 ዓ.ም. በአማርኛ የሬዲዮ ድራማነት ተጀምሮ ኋላ ወደ ቴሌቪዥን የተሸጋገረው «የኛ»፣ ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ከትምህርት ገበታ መራቅንና በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት በአምስት ወጣቶች ጓደኝነት አማካይነት አሳይቷል። ችግሩን በመካሪ አንደበት ከመስበክ ይልቅ ጓደኛ ለጓደኛ ሲያዋየው ማሰማቱ የደራስያኑን ብስለት ይመሰክራል።

ሆኖም ድራማው ከሙዚቃ ጋር የተጣመረ እንደመሆኑ፣ ዜማው ገና ላልተፈታ ጥያቄ መልስ መስሎ የመታየት አደጋ አለበት። ከገጠር መጥታ በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በሻሸመኔ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጃገረድን፣ ዘፈኑ ሲያበቃ የወሩ ኪራይና የምሽቱ መንገድ ይጠብቋታል። ከዚህም በላይ ጭንቀቷን የምታወጋው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። በ1994 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» በአማርኛ፣ «ዺምቢባ» በአፋን ኦሮሞ በሬዲዮ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ለየቋንቋው አድማጭ የየራሱ ድራማ ቀርቦለት ነበር። ይህ ልምድ ሊዘነጋ አይገባውም።

እንግዲህ ለተማሪዎች የሚደርስ ከያኒ ሁሉ ሊያጤነው የሚገባ ነገር አለ። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተማሪ ከነኪራይ ክፍሏ፣ ከነቋንቋዋና ከነፍርሃቷ በቴሌቪዥኑ መስኮት ካልታየች፣ «የኛ» የሚለው ቃል ለእርሷ «የነርሱ» ሆኖ ይቀራል።