«የእኛ ናት» ካልን በኋላስ?

በባዕድ አገር ዝነኞች መካከል አንድ የሐበሻ ስም ከሰማን ጆሯችን ይቆማል። ሯጭ ትሁን ሞዴል፣ ዘፋኝ ትሁን ሐኪም፣ ችግር የለም፤ «የእኛ ናት!» ብለን እናጨበጭባለን። ከዚያስ? ከዚያማ ወደየጉዳያችን ነው።

የሩት ነጋም ዕጣ ይኸው ሆነ። በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ) «ላቪንግ» በተባለው ፊልም በዋና ተዋናይትነት ለኦስካር ስትታጭ፣ ወሬያችን ሁሉ አባቷ ሐበሻ፣ እሷም የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗ ላይ ተንጠለጠለ። ሽልማቱን ኤማ ስቶን ስትወስድ ወሬውም ከሰመ። ሴትዮዋ ምን ሠራች? እንዴት ሠራችው? ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የእኛ ድርሻ ትንሽ ነች። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። አራት ዓመት ሲሆናት ከአዲስ አበባ ወጣች። በሰባት ዓመቷ አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። ያደገችው በአየርላንድና በእንግሊዝ ነው፤ ትወና የተማረችውም ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ። እንግዲህ ከእኛ ያገኘችው ስሟን፣ መልኳንና አራት የልጅነት ዓመታትን ነው። ሙያውን የሰጣት መድረክ ነው። በለንደኑ ናሽናል ቲያትር በ2009 «ፌድር» ላይ፣ በ2010 ደግሞ የሐምሌቷን ኦፌሊያ ሆና ተጫውታለች።

ወደ «ላቪንግ» እንመለስ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ጥቁሯ ሚልድረድና ነጩ ሪቻርድ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ቨርጂኒያ ሲመለሱ ሸሪፉ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ድረስ ገብቶ አሰራቸው። ወንጀላቸው ጋብቻቸው ነበር። ዳኛው የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸውና፣ «ለ25 ዓመት ከግዛቱ ከወጣችሁ እስራቱ ይቀርላችኋል» አላቸው። ሚልድረድ ከተሰደደችበት ከተማ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ነገሩ ከዚያ ተነሥቶ በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተለያየ ዘር መካከል ጋብቻን የሚከለክሉትን ሕጎች እስከመሻር ደረሰ።

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢይዘው በለቅሶና በንግግር ያጥለቀልቀው ነበር። ዳይሬክተሩ ጄፍ ኒኮልስ ግን የፍርድ ቤቱን ክርክር በጥቂቱ አሳይቶ ካሜራውን እነሱ ቤት ተከለው። ፊልሙ የሚጀምረው በሩት ፊት ነው። ማርገዟን ልትናገር ነው፤ ሰውየው ደስ ይበለው ይክፋው አታውቅም፤ ዝም ብላ ትቆያለች። እኛም አብረናት እንጨነቃለን። የተፈረደላቸው ዕለት ደግሞ ወሬው በስልክ ሲነገራት አትጮኽም፣ አትንበረከክም። የዘጠኝ ዓመት ሸክም ሲወርድላት የምናነበው ከፊቷ ላይ ብቻ ነው።

ይህ ትወና ለእኛ ባዕድ ነው እንዴ? የእኛ እናቶች እኮ ስንቱን ጉድ በሆዳቸው ይዘው፣ ቡና አፍልተው፣ እንግዳ ሸኝተው የሚኖሩ ናቸው። ሐዘናቸው የሚታወቀው ነጠላቸውን ባጣፉበት ሁኔታ ነው። ፊልሞቻችን ላይ ግን እናት ስታዝን ትጮኻለች፤ ጩኸቱ እንዳያንስ ሙዚቃ ይጨመርበታል። ጥፋቱን በተዋናዮቹ ላይ ብቻ አልጭንም። ዝምታ የሚጽፍ ደራሲ፣ ዝምታን የሚታገስ ዳይሬክተር ከሌለ ተዋናይት ምን ታድርግ? የእንባዋ ብዛት ችሎታዋ ተደርጎ ሲጨበጨብላትስ?

ሩት ዝም ማለት ብቻ ነው የምታውቀው እንዳይባል «ፓሲንግ»ን (2021) ማየት ነው። ከኔላ ላርሰን የ1929 ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። እዚህ ክሌር ናት፤ ነጭ መስላ የምትኖር፣ ጥቁር የሚጠላ ነጭ ያገባች ጥቁር ሴት። ክሌር አትሰለች፤ ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ታባብላለች። ሳቋ ሰም ነው። ወርቁ ፍርሃቷ ነው፤ ሳቁ ከልኩ ትንሽ ሲያልፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሚልድረድንና ክሌርን አንድ ሰው ሠራቸው ብሎ ማመን ያስቸግራል። በ«ፕሪቸር» ተከታታይ ድራማ (2016–2019) ግን ብዙም አልተደሰትኩም። ሽጉጡና ጋጋታው ይሸፍናታል።

ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ በ2018 በደብሊኑ ጌት ቲያትር ራሱን ሐምሌትን ሆና መጫወቷ ነው። አላየሁትምና በትወናው ላይ አልፈርድም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ሐምሌት ያስተማርኩ ሰው ግን የመንገዱን ርዝመት አውቃለሁ። ኦፌሊያ አባቷም ወንድሟም የሚያዟት ልጅ ናት፤ ሐምሌት ደግሞ ሁሉን የሚጠይቅ። ከአንደኛዋ ወደ ሌላው የተሻገረችው በስምንት ዓመት ነው። በ2022 ብሮድዌይ ላይ ሌዲ ማክቤዝን ሠርታ ለቶኒ ሽልማት ታጭታለች።

በእኛ አገር የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱበት ዘመን ነበር። ያንን የሰበሩት አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ደፋሮች ናቸው። እነሱ በሩን ከከፈቱ ወዲህ ግን ሴቷን ወዴት አደረስናት? ወጣት ሳለች ትፈቀራለች፣ ዕድሜዋ ገፋ ሲል እናት ሆና ታለቅሳለች፤ አለቀ። ሐምሌትን የሚያህል የሐሳብ ሸክም አምኖ የሚሰጣት ማን ነው?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሩት ነጋን «የእኛ ናት» ማለት አይከፋም። ግን ሠርግ ላይ ብቻ የሚታይ ዘመድ አንሁን። ሥራዋን ቁጭ ብለን እንይ፣ እንከራከርበት። ከዚያ ደግሞ በየቲያትር ቤታችን ልምምድ ላይ ያሉትን ሴቶች እንመልከት። ከማልቀስ ሌላ ምን እንዲሠሩ ሰጠናቸው?