የጓሮ በረከት

ጎንደር ከተማ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ሀብታም ነው እላለሁ፤ መሬቱ ከአንድ መደብ ባይበልጥም። አጥሩ ሥር ጌሾ፣ በሩ አጠገብ ጤናዳም፣ ወዲያ ዳማከሴና በሶብላ። የጌሾው ቅጠል ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይሆናል። ጤናዳሙ ቡና ሲቀዳ ተቀንጥሶ እንደረጠበ ሲኒው ውስጥ ይገባል፤ ያ ሽታ ከገበያ አይገኝም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የአበሻ ጎመን ነው። የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠቡ ሲበሉት ከላይ ማቆጥቆጡን ይቀጥላል። ጥቂት እግር ሳይነካ ከተተወ ቢጫ አበባ ያወጣና ዘር ይቋጥራል። ከዘሩ ከፊሉ ለሚመጣው ክረምት ይቀመጣል፤ የቀረው ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል። አንድ ተክል ለወጡም ለእንጀራውም ሲያገለግል ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ጓሮ መሞከሪያም ነው። ደባርቅና ዳባትን በመሰለ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስለሚያሰጋ ለጋ ችግኝ ማታ ማታ በገለባ ቢሸፈን ይተርፋል። አንዷ እናት ለተባዩ አመድ ትነሰንሳለች፣ ሌላዋ ጎመኑ መሀል ነጭ ሽንኩርት ትተክላለች፤ የሠመረላት ለጎረቤቷ ትነግራለች። በደጋው ዛሬ የማይታጣው ድንችም ቢሆን እንግዳ ነበር፤ ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ. ነው።

ጓሮ ከሌለዎት በአሮጌ ባልዲ ይጀምሩ። የጤናዳም ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፤ ከጎረቤት አንድ ይለምኑ።