ጥምር፣ ቃጫና ግትርነት፦ በአዲስ ቁስ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አካባቢ እንሰት ተፍቆ ለቆጮ የሚሆነው ከተለየ በኋላ የሚቀረው ቃጫ ደርቆ ገመድ ይገመድበታል። ይህን ቃጫ በእጁ የያዘ ሰው በቁመቱ ቢስበው በቀላሉ እንደማይበጠስ፣ ጭብጡን ወደ ጎን ቢፈለቅቀው ግን ወዲያው እንደሚለያይ ያውቃል። ከዚህ በታች የምንተቸው የስያሜ ልማድ ይህን ዕውቀት ዘንግቷል።

ጉዳያችን ግራፋይት ኢፖክሲ የሚባለው፣ ቀጫጭን የካርቦን ክሮች በኢፖክሲ ሙጫ ተይዘው የሚሠራው ቁስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተረከባቸው ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ ከዚህና ከመሰል ቁሶች የተሠራ ስለሆነ፣ የስያሜው ጥያቄ ከመጽሐፍ ቤት አልፎ ከጥገና ሥራ ገብቷል።

የመጀመሪያው ስሕተት ቁሱን «ውሁድ» ማለት ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት ውሁድ ማለት ንጥረ ነገሮች ተዋህደው የቀደመ ባሕርያቸውን የለቀቁበት ነው። እዚህ ግን ክሩ ክር፣ ሙጫውም ሙጫ ሆኖ ይኖራል። «ቅይጥ» የሚለውም ለብረታ ብረት ተይዟል። በእኛ አስተያየት የሚስማማው «ጥምር ቁስ» ነው፤ በጥምር መንግሥት ውስጥ ፓርቲዎች ህልውናቸውን እንደሚጠብቁ ሁሉ፣ በጥምር ቁስም አባላቱ ይታወቃሉና። ክሩን «የካርቦን ቃጫ»፣ ሙጫውን «ያዥ» ብንላቸው ሥራቸው ከስማቸው ይነበባል።

ሁለተኛው ስሕተት «ጥንካሬ» የሚለውን ቃል ለሁሉም ማዋል ነው። ሳይሰበሩ ጫና መቻል አንድ ነገር ነው፤ በጫና ሥር ቅርጽን አለመለወጥ ሌላ ነው። ለፊተኛው «ጥንካሬ» ይቆይ፤ ለኋለኛው ግን «ገተረ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ግትርነት» አለን። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። በመማሪያ መጻሕፍት በሚጠቀስ አንድ ግራፋይት ኢፖክሲ ላይ ጥንካሬው በቃጫው ቁመት 1,500፣ በአግድሙ 40 ሜጋፓስካል ሲሆን፣ ግትርነቱ 181 እና 10.3 ጊጋፓስካል ነው። ጥንካሬው 37 እጥፍ ገደማ ሲበላለጥ ግትርነቱ የሚበላለጠው 18 እጥፍ ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጐመ ሰው የትኛውን ቁጥር እንደሰጠ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም።

ስለ ሙቀትም እንዲሁ ነው። የካርቦን ቃጫ ሲሞቅ በቁመቱ በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ያዡ ግን ይሰፋል። ስለዚህ ከላይ የጠቀስነው ቁስ መጠነ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በአግድሙ ከሚሊዮን 22.5 እጅ ሲሰፋ በቁመቱ 0.02 እጅ ብቻ ይሰፋል። አቅጣጫውን ሳይጠሩ «በሙቀት መስፋፋት» ብሎ ማለፍ ለብረት ይበቃል፤ ለጥምር ቁስ አይበቃም።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አለመሆኑን ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ አንድ የአየር መንገዱ 787 አውሮፕላን ላይ የተነሣው እሳት ያሳያል። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2007 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ እሳቱ የጀመረው ከአደጋ ጠቋሚ ሬዲዮ የሊቲየም ባትሪ ሲሆን፣ የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላ እሳቱን ያቆየው በሙቀት እየፈረሰ ማገዶ የሆነው ሙጫ ነበር። ይህን «ቁሱ ተቃጠለ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ዋናውን ነገር ይሰውራል፤ ያዡ ሲጐዳ ቃጫው ሊቀር፣ አካሉም ቅርጹን ይዞ ቆሞ ጫና መቻል ሊሳነው ይችላልና። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመልሷል፤ ለጥገና ባለሙያ ግን የቃጫና የያዥ ልዩነት የዕለት ጉዳይ ነው።

የእንሰት ቃጫ በቀላሉ ስለሚነድ ስሙ ለካርቦን አይገባም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ስያሜው የተዋሰው ቅርጽንና አቅጣጫን እንጂ ለእሳት ያለውን ባሕርይ አይደለም፤ «የካርቦን» የሚለው ቅጽልም ይለየዋል። እንግዲህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለጥምር ቁስ ባሕርያት ፍች ሲሰጡ «በቃጫው ቁመት» እና «በቃጫው አግድም» የሚሉትን ሁለት ሐረጋት ከፍቹ ጋር እንዲያስገቡ እናሳስባለን።