ኦብጀክትን በስትሪንግ ማወዳደር፦ የጥሩ ኮድ መለያዎች

በፕሮግራም ጽሕፈት ክላስ ማለት ፕሮግራመሩ ራሱ የቀረጸው የመረጃ ዓይነት ሲሆን፣ ከእርሱ የሚፈጠሩት ነጠላ ነገሮች ኦብጀክት ይባላሉ፤ ሁለት ኦብጀክቶች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ወደ ስትሪንግ፣ ማለትም ወደ ተከታታይ ፊደላት፣ ለውጦ ማመሳከርም የተለመደ አቋራጭ ነው። እንዲህ ያለውን ኮድ የሚመዝን ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስትሪንጉ ለማን ተብሎ እንደተዘጋጀ ነው፤ ለሰው ዓይን የተሰናዳ ጽሑፍ ለእኩልነት ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ያሳስታልና።

በጃቫ ኦብጀክትን ወደ ስትሪንግ የሚለውጠው «ቱስትሪንግ» የተባለ ሜተድ፣ ማለትም በክላስ ውስጥ የሚጻፍ ተግባር፣ በክላሱ ውስጥ እንደገና ካልተጻፈ የክላሱን ስምና ሃሽ የሚባለውን መለያ ቁጥር ብቻ ስለሚመልስ፣ ይዘታቸው አንድ የሆኑ ኦብጀክቶች አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ መስለው ይታያሉ። በጃቫስክሪፕት ደግሞ ተራ ኦብጀክት ሁሉ «[ኦብጀክት ኦብጀክት]» የሚል አንድ ጽሑፍ ስለሚሰጥ፣ ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች እኩል ሆነው ይገኛሉ። የከፋው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ገና በፍተሻ ሲጋለጥ፣ ይህኛው የተሳሳተ «አዎ» እየመለሰ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል።

ሜተዱ እንደገና ሲጻፍም የባለሙያው ብስለት የሚለየው መስኮቹ፣ ማለትም ኦብጀክቱ የሚይዛቸው ነጠላ መረጃዎች፣ በሚገጣጠሙበት ቦታ ነው። አድራሻ የተባለ ክላስ ቀበሌንና የቤት ቁጥርን ያለ መለያ ቢያያይዝ፣ ቀበሌ 1 የቤት ቁጥር 23 እና ቀበሌ 12 የቤት ቁጥር 3 ሁለቱም «123» ይሆናሉ። ለቁጥሮች በመካከል ሰረዝ ማስገባት ይበቃል፤ መስኩ ነጻ ጽሑፍ ከሆነ ግን ሰረዙ በጽሑፉ ውስጥም ሊገኝ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ጸሐፊ ከእያንዳንዱ መስክ በፊት ርዝመቱን ያስቀምጣል። ቅደም ተከተልን ለማወቅ በስትሪንግ መጠቀምም እንዲሁ ያሳስታል፤ ፊደል በፊደል ሲነጻጸር «10» ከ«9» ይቀድማል።

የአማርኛ ስሞችን የሚይዝ ክላስ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት ኮድ ሥርዓት ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ የተለያዩ ኮዶችን ስለሚሰጥ፣ መደበኛ የማስተካከያ ደንቦቹም ስለማያዋሕዷቸው፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለማሽኑ ሁለት ስሞች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን በቱስትሪንግ ውስጥ ማዋሐድ ባለቤቱ የጻፈውን ስም ስለሚያበላሽ ደካማ ሥራ ነው፤ የተሻለው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ስሙም ተግባሩን የሚናገር ሌላ ሜተድ ማዘጋጀት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚመረጠው ግን መስኮቹን በየዓይነታቸው የሚያነጻጽር «ኢኩዋልስ» የተባለ ሜተድ ነው፤ በጃቫ ከእርሱ ጋር «ሃሽኮድ»ም ካልተስተካከለ፣ እኩል የሆኑ ኦብጀክቶች የተለያየ ሃሽ ስለሚኖራቸው፣ ነገሮችን በሃሻቸው በሚያስቀምጠው በሃሽማፕ ውስጥ ያለውን በእኩያው መፈለግ ባዶ እጅ ሊያስቀር ይችላል።